ጀሪካኑ እስከ የት ነው?

ውድ አንባቢዎቼ፣ እኔ ከሰው ጋር ተጣልቼ አላድርም። ባኮርፍም እስኪመሽ ይለቀኛል። ከአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ጋር ግን ተጣልቻለሁ፤ ተጣልቼም ታርቄያለሁ። ነገሩ እዚህ ካምፓላ ውስጥ ጠዋት ተጀምሮ አመሻሽ ላይ ያለቀ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። ያቺ ቀን ግን ሰውን "እንዴት ነህ?" ብዬ የምጠይቅበትን አፌን ቀየረችው፤ ቆይታም ከገዛ እናቴ ጋር የማወራበትን መንገድ ለወጠችው። ስለዚህ ታገሱኝና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ወሬ ሳላንዛዛ መናገር እንደማልችል የሚያውቁኝ ያውቃሉ።

ምንትዋብ እባላለሁ፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። እዚያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ካምፓላ የመጣሁት ናካሴሮ ሰፈር አንድ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ሥራ አግኝቼ ነው። ቢሮው ሲዘጋ ወደ አገሬ ከመመለስ ይልቅ፣ ካባላጋላ ሰፈር ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች የአንዱን የጓሮ ክፍል ተከራይቼ ለአገሬ ሰዎች እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመርኩ። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። እሁድ እሁድ ስንደዋወል "ሥራስ?" ትለኛለች። "ተመስገን፣ ደህና ነው እማዬ" እላለሁ። "ጤናስ?" እላታለሁ። "ተመስገን፣ ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው!" ትለኛለች። ስልኩ ይዘጋል። ይህቺን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ተማሪዎቼ ወጥ ቤት የሚሠሩ ሴቶች፣ ሱቅ ያላቸው ነጋዴዎች፣ ሥራ የሚፈልጉ ስደተኞች ናቸው። ሁሉም አንድ አመል ነበረባቸው። "ቬሪ" የምትባለውን ቃል ያገኙት ነገር ላይ ሁሉ ይለጥፏታል። "ቬሪ ፉል"፣ "ቬሪ ፊኒሽድ"። አንዷ እንዲያውም ስለ ዶሮ ስታወራ "ቬሪ ዴድ" ብላ አረፈችው።

"እንዴ! መሞት ደግሞ ትንሽና ብዙ አለው?" ብዬ ጮህኩባት። እኔ ስጮህ ይስቃሉ እንጂ የሚፈራኝ የለም።

ያን ዕለት ነው "ኮምፕሊትሊ"ን ያስተማርኳቸው። በእኛ ቋንቋ ይህን ሥራ ግሱ ራሱ ይሠራዋል። ውሃው "ሙልት አለ" ካልን ለአንድ ጠብታ ቦታ የለም ማለት ነው። ጠላውን "ጭልጥ አደረገው" ካልን ብርጭቆው ሥር የቀረ የለም። ፈረንጅ ግን ግሱ አይበቃውም፤ አጠገቡ ምስክር ያቆምለታል። ያቺ ምስክር ኮምፕሊትሊ ናት፤ ሙሉ በሙሉ፣ ጨርሶ፣ ፈጽሞ ማለት። የምትገባው ደግሞ መጨረሻ ባለው ነገር ላይ ነው። መሙላት መጨረሻ አለው፤ ባዶ መሆን መጨረሻ አለው፤ መዳንም መጨረሻ አለው። ርዝመት ግን መጨረሻ የለውምና "ኮምፕሊትሊ ረጅም" አይባልም።

ይህ ሁሉ ማብራሪያ እንዳልገባቸው ፊታቸው ሲነግረኝ ሰሌዳው ላይ ጀሪካን ሳልኩ። ካምፓላ ውስጥ ቢጫ ጀሪካን ያልተቀመጠበት ደጃፍ የለምና ወዲያው ነቃ አሉ። እኔ ዓረፍተ ነገር አነባለሁ፤ ተማሪው ወጥቶ ውሃው እስከ የት እንደሆነ በጠመኔ ያሰምራል። ኮምፕሊትሊ ካልኩ እስከ አፉ። ኖት ኮምፕሊትሊ ካልኩ ከአፉ ዝቅ።

"ኖት ኮምፕሊትሊን አትፍሯት" አልኳቸው። "'የለም' ማለት አይደለችም። 'አለ፣ ግን ይቀረዋል' ማለት ናት።"

በዚህ ጨዋታ ጋሽ ወርቁን የሚያክል አልነበረም። ጋሽ ወርቁ ስድሳን የተሻገሩ መካኒክ ናቸው። ናሙዎንጎ ውስጥ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ብዙም ሳይርቅ፣ ትንሽ ጋራዥ አላቸው። ግራኝ ናቸው። ጠመኔውን በግራ እጃቸው ይዘው የሚያሰምሩት መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ቃሏንም እንዴት እንደወደዷት አትጠይቁኝ።

"ጋሽ ወርቁ፣ ሃው አር ዩ?" እላለሁ።

"ኮምፕሊትሊ፣ ቲቸር!"

"ኮምፕሊትሊ ምን? ቃሏ እኮ ምንም ካልያዘች ትርጉም የላትም።"

"ኮምፕሊትሊ ተመስገን!"

ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። "ኖት ኮምፕሊትሊ"ን ግን ከአፋቸው አውጥቼ አላውቅም። ስለ ጀሪካን ሲሆን ይሏታል፤ ስለ ራሳቸው ሲሆን በጭራሽ። አንድ ቀን አጥብቄ ብይዛቸው፣ "ምስጋና ላይ ኖት አይገባም፣ ቲቸር። እግዜር ይሰማል" አሉኝ። እኔም ሳቅሁ። እናቴም፣ አክስቶቼም፣ እኔ ራሴም የምንኖረው በዚሁ ሕግ ስለሆነ ምንም አልከበደኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ቦዳ፣ ሰው የሚጭን ሞተር ብስክሌት፣ የገጫቸው። ሐዲዱን ሊሻገሩ ሲሉ ሞተር ብስክሌቱ ከጎን መጥቶ ጣላቸው፤ በራሳቸው ቀኝ በኩል መሬት መታቸው። ሚስታቸው እትዬ የሺ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ቁስል የለም፤ አልደሙም። ሐኪሟ አይታ ማስታገሻ ሰጠቻቸውና ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመለሱ አለቻቸው። እሳቸው ክፍል ሲመጡ "የተጎዳው ቦዳው ነው" እያሉ አሳቁን።

የመመለሻው ቀን ሲደርስ እትዬ የሺ ደወሉልኝ። "ምንትዬ፣ ነገ አብረሽን ሂጂ። የእሱ እንግሊዝኛ የጋራዥ ነው፤ እኔ ደግሞ ጭራሽ የለኝም።"

በማግሥቱ ጠዋት ናሙዎንጎ ደረስኩ። ጋሽ ወርቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ እትዬ የሺ ጎንበስ ብለው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ይቆልፉላቸዋል።

"ወይ ጉድ! ጋሽ ወርቁ፣ ሙሽራ ሆኑ እንዴ?" አልኩ።

"የሺ አሞላቀቀችኝ" አሉ እየሳቁ። እትዬ የሺ አልሳቁም።

ስንወጣ ክንዴን ይዘው በር ላይ አስቀሩኝ። "ራሱን እያመመው ነው" አሉኝ በሹክሹክታ። "ከአልጋ ሲነሳ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚቆመው። ያንን ኪኒን እንደ ቆሎ ነው የሚቅመው። ግን ትንፍሽ እንዳልል አስምሎኛል።"

"ታዲያ ይኸው ነገሩኝ አይደል?"

"ለሐኪሟ እንዳልናገር ነው ያስማለኝ፤ ላንቺ አላለኝም።"

በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆነው እንኳ ሕጉን አልጣሱም። እኔ ግን ብዙ አልደነገጥኩም። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ይናገራሉ፣ ሐኪም እኮ ጎረቤት አይደለም ብዬ አሰብኩ። ሞኝ ነበርኩ።

ታክሲ ይዘን ሐኪም ቤት ደረስን። በኮሪደሩ ስንሄድ ከኋላቸው ነበርኩ። የግራ እግራቸው ነጠላ ጫማ ወለቀ። እሳቸው ዝም ብለው ቀጠሉ። ጫማው መሐል መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ባለቤቱ በባዶ እግሩ እየሄደ ነው።

"ጋሽ ወርቁ! ጫማዎ!"

ቆሙና ወደ እግራቸው አዩ። የሌላ ሰው እግር የሚያዩ ነው የሚመስሉት። "እንዴ፣ መቼ ወለቀች?" አሉ። ጫማውን አንስቼ አጠለቅኩላቸው። ሲሚንቶው በረዶ ነው፤ ያን ቅዝቃዜ አለማወቅ ደህና ነገር አይደለም።

ሐኪሟ ወጣት ዑጋንዳዊት ናት፤ ፊቷ ፈገግታ የማይለየው፣ ግን ውጭ የተሰለፈው ሰው ብዛት ያስጨነቃት። ገና ከመቀመጣችን በእንግሊዝኛ ጠየቀቻቸው። "የራስ ምታቱስ? ሙሉ በሙሉ ለቀቀዎት?"

እኔ አፌን ከመክፈቴ ጋሽ ወርቁ ያቺን ቃል ሰምተው ፊታቸው በራ። "ኮምፕሊትሊ፣ ዶክተር! ታንክ ዩ! ጎድ ብለስ ዩ!"

"ኮምፕሊትሊ?"

"ኮምፕሊትሊ!" ከወንበራቸው ብድግ ብለው ጎንበስ ብለው እጅ ነሷት። ልጅቷ ደስ አላት። ምን ታድርግ፤ የታከመ ሰው ቆሞ ሲያመሰግናት። እኔ ግን ወደ እትዬ የሺ አየሁ። እሳቸው ወለሉን ያያሉ።

"ጋሽ ወርቁ" አልኩ በአማርኛ፣ "የራስዎን ነገር ይንገሯት እንጂ።"

"ነገርኳት እኮ።"

"አሁን ያምዎታል ወይስ አያምዎትም?"

"ተመስገን ነው የምለው።" ድምፃቸው ጠነከረ። "ቲቸር፣ ያልኩትን ብቻ ንገሪልኝ። ከራስሽ እንዳትጨምሪ።"

እዚህ ላይ ተያዝኩ። አስተርጓሚ ማለት የሰውየው አፍ ነው እንጂ የሰውየው አሳዳጊ አይደለም። ሐኪሟ "ምን አሉ?" አለችኝ። "እግዚአብሔር ይመስገን አሉ" አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ ያሉት እሱን ነው። "በጣም ጥሩ፤ እንግዲህ ሕመም ካልተሰማቸው መመለስ አያስፈልጋቸውም" አለችና ቀጣዩን ታካሚ ጠራች። ወጣን።

ከግቢው በር ውጭ አንዲት ሴትዮ በከሰል ምድጃ ላይ ሮሌክስ የሚሉትን፣ ቻፓቲ በሚባል ቂጣ የሚጠቀለል እንቁላል፣ ትሠራለች። ጋሽ ወርቁ "ኑ፣ ድኛለሁ፣ ልጋብዛችሁ" ብለው አግዳሚ ወንበሯ ላይ ተቀመጡ። እንቁላሉ ቻፓቲው ላይ እስኪጠቀለል እንኳ አልታገሥኩም።

"ጋሽ ወርቁ፣ ለምንድነው ያልነገሯት?" አልኩ።

"ምን ልበላት? ይቺ ልጅ ለፍታ አከመችኝ። ፊቷ ቆሜ 'አልዳንኩም' ልበላት? ውለታ ቢስ ነኝ?"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም?"

"ተመስገን ያለ ደግሞ ይጨመርለታል።"

"ኧረ ይተዉኝ! እርስዎ ጋራዥ አንድ ደንበኛ የምታንኳኳ መኪና ይዞ መጥቶ 'ተመስገን፣ ኮምፕሊትሊ ደህና ናት' ቢልዎ ምን ይሉታል?"

"መኪና ሌላ ነው። መኪና ፈጣሪን አታመሰግንም።" ፈገግ አሉ። በዚህ በኩል እንደማልችላቸው ገባኝ። እትዬ የሺ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀምረዋል፤ ጋሽ ወርቁም ወደዚያ ላለማየት ወደ መንገዱ ዞረዋል።

የሴትዮዋ ቢጫ ጀሪካን ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። ዓይኔ እሷ ላይ አረፈ። ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፤ የአስተማሪ አመል ይሆናል። ከምድጃው ሥር አንዲት የጠፋች ከሰል አነሳሁና ተነሥቼ ቆምኩ።

"ጋሽ ወርቁ፣ ክፍል ነን። ይውጡ" አልኩ።

"እዚህ?"

"እዚህ። ይቺ ጀሪካን የእርስዎ ጤና ናት። ቦዳው ከመግጨቱ በፊት እስከ አፏ ሙሉ ነበረች። ዛሬ ጠዋት ሲነሱ ውሃው እስከ የት ነበር? ያስምሩ።"

መንገደኛው ያየናል። ሮሌክስ ሻጯ መጥበሷን አቁማለች። ጋሽ ወርቁ ከሰሉን ተቀበሉኝ። ክፍል ውስጥ ስጠራቸው እንቢ ብለው አያውቁም፤ ያን ቀንም እንቢ አላሉም። ከጀሪካኗ ፊት ቁጢጥ አሉ። ያኔ ነው ያየሁት። ከሰሉን የያዙት በቀኝ እጃቸው ነው።

"እንዴ፣ ጋሽ ወርቁ! እርስዎ ግራኝ አይደሉም?"

ግራ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተዘርግታ ተቀምጣለች። ሊያነሷት ሞከሩ፤ ትንሽ ተነሥታ ተመለሰች።

"ግራዬ ሰሞኑን ሰንፋለች" አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ ማስመር በማታውቀው በቀኝ እጃቸው ጀሪካኗ ላይ አሰመሩ። ጠማማ መስመር ነበር። ከግማሽ በታች ነበር።

እትዬ የሺ ጮክ ብለው "እኔን!" አሉ። እኔም ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አልደብቃችሁም። ፈርቼ ነበር። ጋሽ ወርቁ ግን መስመሩን እያዩ፣ "ይኼ እንግዲህ ጀሪካን ነው፤ እኔ ምንም አላልኩም" አሉ።

"ምንም አላሉም" አልኩ። "አሁን የጀሪካኗን ነገር ለሐኪሟ ልንገራት?"

ሻጯ ሳትጠየቅ ውሃ ቀድታ ሰጠቻቸው። "የጀሪካኗን ንገሪያት" አሉ በመጨረሻ።

ስንመለስ በሩ ላይ ያለችው ነርስ አላስገባ አለችን። ታይታችኋል፣ ተሰናብታችኋል፣ ሌላ ቀን ኑ። እኔ ደግሞ ስናደድ እንግሊዝኛዬ ይስተካከላል። ምን እንዳልኳት ባልጽፈው ይሻላል፤ ብቻ ሐኪሟ ድምፄን ሰምታ ራሷ ወጣች።

"ዶክተር" አልኩ፣ "ቅድም የሰማነው መልስ አልነበረም።"

"ኮምፕሊትሊ አሉኝ እኮ። ሁለት ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ።"

"ያ ምስጋና ነው። በእኛ አገር ያከመህን ሰው ፊት ለፊት 'አሁንም ያመኛል' ማለት ልፋቱን መናቅ ነው። ራሳቸውን ያማቸዋል። ግራኝ ናቸው፤ ግራ እጃቸው ግን አልታዘዝ ብሏቸዋል። ጫማቸው ሲወልቅ አላወቁም። ይህን ንገሪልኝ ብለው ነው የላኩኝ።"

ፈገግታዋ ጠፋ። "እናቴም እንደዚህ ናት" አለች። "እግሯ ተሰብሮ እንኳ 'ጄንዲ' ነው የምትለው።" ጄንዲ በሉጋንዳ "አለሁ" እንደማለት ነው። እየተናገረች ጋሽ ወርቁን በክንዳቸው ይዛ አስገባቻቸው።

ሁለት እጃቸውን መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ወደ ፊት እንዲዘረጉና ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ነገረቻቸው። አስተረጎምኩ። ቀኙ እንደተዘረጋ ቀረ። ግራው ቀስ እያለ፣ እየዞረ፣ ወደ ታች ወረደ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለቱም እኩል የተዘረጉ መስሏቸው ቆመዋል። ሐኪሟ ከዚህ በኋላ አልቆመችም። ወዲያው ወደ ራስ ቅል የምስል ምርመራ ላከቻቸው፤ ቅድም ያላስገባችን ነርስ ራሷ ጋሪውን ገፋች።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ እኔንና እትዬ የሺን ለብቻ ጠራችን። ከውድቀቱ ወዲህ ራስ ቅላቸው ውስጥ በቀኝ በኩል ደም ቀስ በቀስ ሲጠራቀም ከርሟል፤ አንጎላቸውን እየተጫነ ነው። ዛሬውኑ ተከፍቶ ካልፈሰሰ እጃቸው ሽባ ሆኖ ይቀራል፤ ቀጥሎ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላቸዋል፤ ከዚያ አይነቁም። ነገ ብላችሁ እንዳታስቡ አለችን።

እትዬ የሺ እጄን ጨመቁኝ። "ለእሱ እንዳትነግሪው። ትንሽ መርፌ ነው በይው። እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚ አይነገርም፣ ልጄ።"

የእኛ ነገር! መርዶ እንኳ በስንት ዘዴ ነው የምናረዳው። ምን እንደምላቸው ሳስብ ጋሽ ወርቁ ከጋሪው ላይ ጠሩኝ።

"ቲቸር፣ ምን አለች?"

"ትንሽ ነገር ናት፣ ጋሽ ወርቁ፤ ትስተካከላለች..."

"ተይ። እኔ ጀሪካኗን አሳይቼሻለሁ።" ዓይናቸውን ከዓይኔ ላይ አልነቀሉም። "አሁን አንቺ ደግሞ ሙሉውን ንገሪኝ። ኮምፕሊትሊ።"

ወደ እትዬ የሺ አየሁ። ፊታቸውን አዙረው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገርኳቸው። ደሙን፣ መከፈቱን፣ ካልተከፈተ የሚሆነውን፣ አንድም አላስቀረሁም። ሐኪሟም ቀጠለች። "ሕይወታቸውን እናተርፋለን ብዬ አምናለሁ። እጃቸው ግን ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም።" ይህንንም ተረጎምኩ።

ጋሽ ወርቁ ግራ እጃቸውን በቀኛቸው ያዙ። "በያት፣ እኔም ሙሉውን አልጠየቅኳት። ብሎን የምይዝበትን ያህል ትተውልኝ።"

ወሰዷቸው። ከሰዓቱን በሙሉ ኮሪደሩ ውስጥ ተቀመጥን። ካምፓላ ላይ ዝናቡ ወረደ፤ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ድምፅ ንግግር አያሰማም። እትዬ የሺ የጋሽ ወርቁን ነጠላ ጫማ ጭናቸው ላይ ይዘው ይጸልያሉ። አንዴ ብቻ ቀና ብለው፣ "ምንትዬ፣ ለሠላሳ ዓመት 'ደህና አደርክ?' እለዋለሁ፤ 'ተመስገን' ይለኛል። ስንቱን ቀን ደህና ሳያድር ይሆን?" አሉኝ። እኔም የራሴ እሁዶች ትዝ አሉኝ፤ ግን ገፋሁት። የሰው ጭንቅ ላይ የራስን ጭንቅ አይደርቡም።

ዝናቡ ሲያባራ ሐኪሟ ወጣች። ቆቧን አውልቃለች። አፏን ሳትከፍት ፊቷን አይቼ አወቅኩ። እትዬ የሺ ግን ቃሉን ካልሰሙ አላምን ብለው "ምን አለች? ምን አለች?" እያሉ ክንዴን ሊነቅሉት ደረሱ።

"ተረፉ!" አልኳቸው። "ተረፉ እትዬ የሺ!" ሴትዮዋ እልል አሉ። ሐኪም ቤት ነው ብል ማን ሊሰማኝ! ነርሶቹም አልቆጧቸውም።

ሲነቁ አስገቡን። ራሳቸው በነጭ ፋሻ ተጠምጥሟል። ሐኪሟ አልጋው ላይ ጎንበስ ብላ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀቻቸው። "የራስ ምታቱስ? ለቀቀዎት?"

ጋሽ ወርቁ መጀመሪያ ወደ እኔ አዩ። ከዚያ ወደ እሷ። ከንፈራቸው ደርቋል፤ ቃሉን ለማውጣት ታገሉ።

"ኖት ኮምፕሊትሊ፣ ዶክተር" አሉ። ትንፋሽ ወሰዱና "ተመስገን" አሉ።

ሐኪሟን እንደዚያን ቀን ያለ መልስ አስደስቷት የሚያውቅ አይመስለኝም። እኔም ብትሉኝ፣ በማስተማር ዘመኔ ሁሉ እንደዚያች ያለች ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር አልሰማሁም።

ጋሽ ወርቁ ዛሬ ጋራዣቸው ውስጥ ናቸው። ግራ እጃቸው ተመልሳለች፤ ትንሿ ጣት ብቻ ደንዝዛ ቀርታለች፤ ደቃቅ ብሎን ስትይዝ ትጥላለች። ክፍል ሲመጡ "ሃው አር ዩ?" እላቸዋለሁ፤ ጣቷን ከፍ አድርገው ያሳዩኛል። ተማሪው ሁሉ ለምዶታል። አሁን ክፍሌ ውስጥ "ደህና ነኝ" ያለ ሰው "እስከ የት?" ይባላል። አንዷ "ዛሬ ግማሽ ናት" ስትል አጠገቧ ያለችው "ምን ሆንሽ?" ትላታለች፤ ወሬው ከዚያ ይጀመራል።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ተመስገን ማለት ይቅር እያልኩ አይደለም። አፌን ይቁረጠው! ተመስገን ለፈጣሪ የሚሰጥ ነው፤ እሱ የጎደለውንም ያውቃል። ሐኪም ግን አያውቅም፤ ባል አያውቅም፤ ልጅ አያውቅም። ሰው ካልነገሩት አያውቅም። እኛ ደግሞ ለእግዜር የምንሰጠውን መልስ ለሰው እየሰጠን፣ አጠገባችን ያለው ሁሉ ሙሉ ነን ብሎ እንዲያልፈን እናደርጋለን። የምንወደውን ሰው ስንጠይቅም "ደህና ነህ አይደል?" ነው የምንለው፤ መልሱን ራሳችን አጉርሰነው።

ጋሽ ወርቁ ከሐኪም ቤት በወጡ በመጀመሪያው እሁድ እናቴ ጋ ደወልኩ። ስለ ጎረቤት አወራን፤ ስለ ዝናብ አወራን። "ጤናስ?" አልኩ። "ተመስገን፣ ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው!" አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ እንሰነባበት ነበር።

"እማዬ፣ ጓዳ ያለችውን ጀሪካን ታውቂያታለሽ አይደል?"

"የምን ጀሪካን? እዚያ አገር ውሃ ጠፋ እንዴ?"

"ጤናሽ ያቺ ጀሪካን ብትሆን፣ ውሃው እስከ የት ነው?"

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ "እማዬ?" አልኩ።

"ከግማሽ ወርዷል፣ ልጄ" አለችኝ።

ጋደም ስትል ትንፋሽ እንደሚያጥራት፣ ስንት ጊዜ ተቀምጣ እንዳደረች፣ እግሯ እንደሚያብጥ፣ ያን ቀን ነገረችኝ። ሳልውል ሳላድር ተነሥቼ ሄድኩ፤ አሳከምኳት። ልቧ ነበር። ዛሬ መድኃኒቷን እየወሰደች ትራስ ተደግፋም ቢሆን ትተኛለች፤ ጀሪካኗም ከግማሽ ከፍ ብላለች። እንኳን ጠየቅኳት እላለሁ፤ በተቀመጥኩ ቁጥር እላለሁ።

ከዚያ ስልክ ግን የማይረሳኝ መጨረሻው ነው። እንባዬን እየዋጥኩ "መጣሁ፣ ልዘጋ ነው" ስላት፣ "ቆይ" አለችኝ።

"ያንቺስ?"

"ምኔ?"

"ጀሪካንሽ ናታ። እስከ የት ነው?"

ያን ሁሉ ሰው ሰሌዳ ላይ ያስወጣሁ አስተማሪ አንገቴን ደፋሁ። "እማዬ፣ የናካሴሮው ሥራ ከቀረ ቆይቷል" አልኩ።

"አውቃለሁ" አለችኝ እናቴ። "ድምፅሽ ከነገረኝ ቆየ። እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው።"